ከኋላው ወንበር ሥር

«ዓይንሽን ጨፍኚ አላልኩሽም?»

ብሏት ነበር፤ አልካደችም። ግን ኢልሊ ዓይኗን ከጨፈነች ምን ልታይ ከቮልሷ ሥር ትገባለች? አባቷ መርጋ ከላይ ሆኖ የመኪናዋን ወለል በካቻቢቴ ይወጋል፣ እሷ ከታች በጀርባዋ ተንጋላ የት የት እንደሚበሳ ታያለች፤ ሥራዋ ይኸው ነበር። ካቻቢቴው አሁንም በስቶ ወጣ። ተከትሎት ቡናማ ዝገት እየተፈረፈረ ፊቷ ላይ፣ ጸጉሯ ላይ፣ አፏ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

«ገባ» አለች እየተፋች። «ምንም አልታገለህም አይደል?»

«ምን ይታገላል፣ ዳቦ ሆኗል።»

«ይሄኛው ጎንስ? ቆይ አባ፣ እኔ ላንኳኳው።»

በሌላ ካቻቢቴ እጀታ ወለሉን ከታች ማንኳኳት ጀመረች። ይህን ያስተማራት እሱ ነው። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዝገት የበላው ደግሞ ዷ ብሎ ዝም ይላል። ይህን ካወቀች ወዲህ ኢልሊ የማታንኳኳው ነገር የለም። የቮልሷን በር፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ አንኳኩታ ስትጨርስ የግቢውን የውሃ በርሜል፣ የጎረቤትን የብረት በር፣ በመጨረሻም የትምህርት ቤቱን ደወል አንኳኳች። ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ ያለ ሰዓቱ ለእረፍት ወጣ፤ እሷም ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ተጠራች። «የድምፁን ጥራት ለማወቅ ነው» ብትልም የሰማት አልነበረም።

ቮልሷን ከነጆ እስከ አሶሳ ነድቶ ያመጣት አያቷ ነው። ያኔ ሰማያዊ ነበረች ይባላል። ኢልሊ ከተወለደች ጀምሮ ግን የምታውቃት ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቆማ ነው፤ ዝናቡ ከላይ፣ የረገፈው ቅጠል ከጎን፣ ዶሮዎቹ ከውስጥ ሲጫወቱባት ኖረዋል። ሞተሩን የአባቷ ወዳጅ የሆነ አንድ መካኒክ ሰሞኑን አስነስቶታል። የቀረው ላሜራው ነበር። መርጋ ከሥራ መልስ ልብሱን እንኳን ሳይቀይር ወደ ቮልሷ ስለሚሄድ፣ የኢልሊ እናት ሰንበቴ መኪናዋን «ጣውንቴ» ትላት ጀምራለች።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ የመጣው በአንድ ቀልድ ነው። ከአጥራቸው ማዶ የሚኖረው ጁምዓ የበርታ ሰው ነው፤ ከመርጋ ጋር እንደ ወንድም ናቸው። የጁምዓ የመጀመሪያ ልጅ ኢቲዳል ትንሽ ልጅ ሳለች ከቮልሷ ውስጥ አትወጣም ነበር። መሪውን ይዛ በአፏ እያጓራች «ሆሞሻ ደረስኩ፣ ውረዱ» ትላለች። መርጋ አንድ ቀን አይቷት ሳቀና፣ «ስታገቢ በዚህች መኪና ነው የማደርስሽ» አላት። ልጅ የተባለውን መች ይረሳል። ኢቲዳል አደገች፣ ተማረች፣ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሥራ ያዘች፤ አንድ የሆሞሻ ልጅ ሽማግሌ የላከ ዕለት አጥሩን ዞራ መጣችና «ጋሽ መርጋ፣ ቮልሷስ?» አለችው።

«ቃል ቃል ነው» አለ መርጋ ደረቱን ነፍቶ።

ሰንበቴ ሳቀች። ከዚያ መኪናዋን ዞር ብላ አየቻትና ሳቋን ተወች።

መርጋ በያጅ ነው፣ የበርና የመስኮት በያጅ። በሰፈሩ ካሉት የብረት በሮች እሱ ያልሠራውን መቁጠር ይቀላል። መኪና በይዶ ግን አያውቅም፤ ይህንንም ለማመን አልፈለገም። «ብረት ብረት ነው» ብሎ የቤንዚኑን ታንከር ፈትቶ ከግቢ አወጣ፣ ባትሪውን አነሳ፣ ለቱቦላሬ በር የሚጠቀምበትን ወፍራም ኤሌክትሮድ ያዘና የፊተኛው ወለል ላይ ቁራጭ ላሜራ አስቀምጦ ጀመረ። ብልጭታው ሲያበቃ ጭሱ ተነሳ። ጭሱ ሲነሳ ቀዳዳው ከበፊቱ ሰፍቶ ተገኘ። ደገመው፤ ባሰበት። ሠለሰው፤ አሁን በቀዳዳው የማንጎው ሥር በደንብ ይታያል።

«አባ» አለች ኢልሊ፣ «እየደፈንከው ነው ወይስ እየከፈትከው?»

መርጋ ማስኩን አውልቆ አፈጠጠባት። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እሷም ሳቀች፤ ሰንበቴ ከጓዳ ወጥታ ምን እንደሆኑ ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

ኢልሊን ግን ነገሩ አልለቃት አለ። ያው እጅ፣ ያው ማሽን፣ ያው ኤሌክትሮድ፤ በሩ ላይ ሲያጣብቅ እዚህ ለምን ይበሳል? በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ የበርሜል ቁራጭ፣ የቱቦላሬ ትራፊ ለቃቅማ በሰልፍ ደረደረችና አባቷን «እያንዳንዱ ላይ እኩል ለኩስልኝ» አለችው። ቆርቆሮው ወዲያው ተበሳ። በርሜሉ ትንሽ ታግሶ ተበሳ። ቱቦላሬው ምንም አልሆነም።

«ወፍራሙ ሙቀቱን ይጠጣዋል» አለች ቁርጥራጮቹን እያገላበጠች። «ቀጭኑ ሙቀቱን የሚያሳልፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ነው መስጠት ያለብን።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ቆርቆሮው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ቀጭን ኤሌክትሮድ ገዙ፣ የማሽኑን ኃይል ቀነሱ። የዛገውን ወለል ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ በግራይንደር ቆርጠው ጣሉ፤ ጠርዙን በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጭ ፈተጉት። ከዚያ አዲሱን ላሜራ አስገብተው ነጥብ ብቻ ማሳረፍ፣ ማቆም፣ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ሌላ ነጥብ። መርጋ ለትዕግሥት የተፈጠረ ሰው አልነበረም፤ ኢልሊ «ቆይ፣ ገና አልበረደም» እያለች ታስቆመዋለች። የፊተኛው የቀኝ ወለል ላይ ሲደርሱ ማስኩንና ጓንቱን ሰጣት። የመጀመሪያዋ ነጥብ ጠጠር መሰለች፣ ሁለተኛዋ ተበሳች፣ ከዚያ ግን ያዘች። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ብረቱ እንደ ውሃ ሲሆንና ወዲያው ሲረጋ አየች። ሕይወቷን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት።

«አንድ በያጅ አንሶኝ ነበር» አለች ሰንበቴ ከበረንዳው ሆና።

ለመጨረሻ የተዉት የኋለኛውን ወለል ነበር። ቮልስ ባትሪዋን የምትይዘው ሞተሩ ዘንድ አይደለም፤ ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩን አንስተው ያዩ ዕለት ኢልሊ ገርሟት፣ «ሰው ባትሪ ላይ ነው እንዴ የሚቀመጠው?» አለች።

«አዎ። ስለዚህ ነው ይህ ወለል ከሁሉም የበለጠ መጠንከር ያለበት» አላት መርጋ። የወንበሩን ሆድ ገልብጦ ስፕሪንጎቹን አሳያት። «ወለሉ ሰጥሞ ባትሪው ካዘነበለ፣ ይህ ስፕሪንግ ከባትሪው ራስ ጋር ይገናኛል። ብልጭ ይላል። የወንበሩ ሙሌት ደግሞ እይው፣ እንደ ጭድ የደረቀ ነው።»

የባትሪው አሲድ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ያንን ወለል ከሁሉም አብልጦ በልቶት ነበር። ሰርጉ እሁድ ነው። ማክሰኞ ዕለት ያን ወለል ቆርጠው አወጡ፤ ረቡዕ ሊበይዱት ተቀጣጠሩ። ማክሰኞ አመሻሽ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፣ በባምባሲ በኩል ምሰሶ ወድቋል ተባለ፣ መብራት ሄደ። ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስም፣ ዓርብም አልመጣም። የሰፈሩ ባለሱቅ ትንሽ ጄኔሬተር አለችው፤ ግን አምፖል ታበራለች እንጂ የብየዳ ማሽን አትሸከምም። መርጋ ማሽኑን እየዞረ ያየዋል፣ ሰማዩን ያያል፣ አጥሩን ያያል። ከአጥሩ ማዶ ዘመድ እየመጣ ነው፣ በግ ይታረዳል፣ ጁምዓ ለመጣው ሁሉ «ልጄ በቮልስ ነው የምትሄደው፣ ኢንሻአላህ» እያለ ሲያወራ ይሰማል።

ቅዳሜ ኢልሊ ጠዋት ገበያ ተልካ ከቀትር በኋላ ስትመለስ ቮልሷ በሩቅ አብረቀረቀችባት። ታጥባ የድሮው ሰማያዊ ቀለሟ ወጥቷል፣ ወንበሮቹ ገብተዋል። አባቷ ጎማውን በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«አለቀ» አላት ቀና ሳይል።

«የኋላውስ?»

«አለቀ አልኩሽ። ቀለም ሁሉ ቀብቼዋለሁ።»

«መብራት መጣ እንዴ?»

«ጠዋት ለትንሽ መጥቶ ነበር» አለና ወደ ሌላኛው ጎማ ዞረ።

ኢልሊ ጠዋት ገበያ መሐል ነበረች። ወፍጮ ቤቶቹ በመብራት እጦት ተዘግተው፣ ሰዉ እህሉን ተሸክሞ ሲመለስ አይታለች። አባቷ እጁን ሊታጠብ እስኪገባ ጠበቀችና የኋላውን ወንበር አነሳች። ወለሉ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ልስልስ ብሏል፤ ባትሪው በላዩ ላይ በጎማ ታስሮ ተቀምጧል። ያምራል። በጣቷ አንኳኳችው።

ዷ እንኳን አላለም። ያ የብረት ድምፅ አልነበረም፤ በሕመምም በጤናም ብረት እንዲህ ብሎ አያውቅም። ከመኪናዋ ሥር ገብታ ቀና ብላ ስታይ፣ በጥቁሩ ቀለም ሥር ጎን ለጎን የተደረደሩ ረዣዥም ጉብታዎች አየች። በየጉብታው ላይ ደግሞ አንጓ አለ። አንጓውን ማንም የአሶሳ ልጅ ያውቀዋል። ሽመል ነው፤ ሌላው አገር ቀርከሃ የሚለው። አባቷ ሽመል ሰንጥቆ ደርድሮ፣ በስቱኮ ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶበታል።

እዚያው ተጋድማ ቆየች። ፈራች፣ ከፍርሃቷ በላይ ደግሞ አፈረች፤ ያፈረችው ለምን እሷ እንደሆነች አልገባትም። ይኸው ሰው አይደለም እንዴ ዝገት ላይ ቀለም ቀብቶ በር የሚያስረክብ በያጅ ሲያይ ቀኑን ሙሉ የሚበሳጨው?

«ኢልሊ፣ እግርሽን አየሁት፣ ውጪ።»

ብኸይታ ነበረች፣ የኢቲዳል ታናሽ፣ የኢልሊ የክፍል ጓደኛ። ክንዷ ሙሉ ሪባን ይዛለች። ኢልሊ አቧራዋን እያራገፈች ወጣች።

«ወይኔ፣ ቆንጅዬ ሆናለች» አለች ብኸይታ መኪናዋን እየዞረች። «ኢቲዳል ብታያት ታለቅሳለች። ሂናዋን እየተቀባች ስለሆነ መውጣት አልቻለችም እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሙድ እየያዝንባት ነው፤ ባልሽን ነው ወይስ ቮልሷን የምታገቢው እያልን።» ከዚያ አንገቷን በመስኮቱ አስገብታ የኋላውን ወንበር በእጇ ጫን ጫን አደረገች። «እዚህ ነው አይደል የምትቀመጠው? በቃ አልቋል?»

ኢልሊ በሩ ላይ የቆመውን አባቷን አየችው። ፎጣውን እንደያዘ ቆሟል።

«አዎ» አለች። «አልቋል።»

ብኸይታ ሪባኑን አስቀምጣ እየዘፈነች ሄደች። መርጋ ፎጣውን ገመዱ ላይ ሰቅሎ ሊመለስ ሲል ኢልሊ ተከተለችው።

«አባ፣ ሽመል ነው አይደል?»

ቆመ። ለመካድ እንዳሰበ ፊቱ ላይ ታየ፤ ከዚያ ተወው።

«ለአንድ ቀን ነው። መብራት ሲመጣ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

«ቢሰበርስ?»

«ሽመል አይሰበርም። ይህ አገር በምን ነው የቆመው? አጥሩ ሽመል፣ የእህል ጎተራው ሽመል፣ አንቺ የምትተኚበት አልጋ ሽመል።»

«አልጋዬ ሥር ባትሪ የለም።»

መርጋ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፤ አሁን ግን ያነሰ መሰላት። «ጁምዓ ዘመዱን ሁሉ ጠርቶ ነግሯል» አለ ቀስ ብሎ። «ልጅቷ ሕፃን ሳለች ነው የነገርኳት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቃለች። አሁን አልሆነም ልበላት? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ልበል?»

ኢልሊ ብኸይታ ያስቀመጠችውን ሪባን አየች።

«ኢንተላ ኮ» አላት። በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው፤ እንዲህ የሚላት ስትታመም ወይም የሚለምናት ነገር ሲኖረው ነው። «ይህችን ብቻ ዝም በዪልኝ።»

አባቷ ዝም በዪ ብሏት አያውቅም። ጥያቄ አበዛሽ ብሎም ተቆጥቷት አያውቅም፤ የማያውቀውን ሲጠየቅ «እስቲ አብረን እንየው» ነው የሚለው። እራት ሲቀርብ እንጀራዋን ቆርሳ ተወችው። ሰንበቴ ግንባሯን ዳሰሰችና ትኩሳት እንደሌላት አረጋገጠች። «ምነው ሁለታችሁም አኮረፋችሁ? ሥራው አልቆ የለም እንዴ?» አለች። ከዚያ ባሏን አየችና፣ «ብቻ በጥድፊያ የሆነ ነገር አልወድም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላ ሳህኑን አነሳች። መርጋ ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ውሃ ጠጣበትና ዘጋው።

እሁድ ማለዳ ከጁምዓ ግቢ ከበሮው ቀድሞ ተነሳ። ቀጥሎ የዙምባራ ነፊዎቹ ረዣዥም ጥሩምባዎቻቸውን እየሞከሩ አንድ በአንድ ጮሁ። ቮልሷ ነጭና ቀይ ሪባን ታስሮላታል። መርጋ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ቁልፉን ይዞ ወጣና የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ኢልሊ በሌላኛው በኩል በሩን ከፈተች፣ የፊተኛውን ወንበር አጥፋ ወደ ኋላ ገባችና በቀኝ በኩል ተቀመጠች። ወንበሩ ዝቅ አለ። ከሥሯ ቀጭን ነገር ሲንጣጣ ሁለቱም ሰሙት።

«ውረጂ» አለ መርጋ። «ሙሽራዋን ላመጣ ነው።»

«መጀመሪያ እኔን ውሰደኝ። እስከ አስፋልቱ ሄደን እንመለስ።»

«ጊዜ የለም።»

«ቅርብ ነው።»

«ቀሚስሽ ይቆሽሻል።»

«ይቆሽሽ።»

ዞሮ አያት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጣለች። ከሥሯ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ ስፕሪንጉን፣ የባትሪውን ራስ፣ ስቱኮውን፣ የሽመሉን አንጓ። አለማወቅ እንዴት እንደሚቀል ገና አሁን ገባት። ኢቲዳል ሳታውቅ እየሳቀች ነበር የምትቀመጥበት።

መርጋ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ ያ የቮልስ ጉርምርምታ ግቢውን ሞላው። ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ማርሽ አስገባ። በመስታወቱ አያት። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ሪባኑ ይርገበገባል፣ መርጋ ግን እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ ማንሳት አቃተው። ደጋግሞ በመስታወቱ አያት። ከዚያ ማርሹን መለሰ፣ ሞተሩን አጠፋ።

ከበሮው ብቻ ቀረ።

«ክብደትሽ ቀላል ነው» አለ። «ምንም አትሆኚም ነበር።»

«እንግዲያው ንዳ፣ አባ።»

አልነዳም። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወረደ። ኢልሊም ወርዳ በሩን ዘጋች። ሰንበቴ ጌጧን እያሰረች ከቤት ብቅ ብላ «ምነው ሞተሩን አጠፋኸው?» አለች። አባትና ልጅ በሽመሉ አጥር ጥግ ጥግ ወደ ጁምዓ በር ሄዱ።

«ባትሪው ሞተ እለዋለሁ» አለ መርጋ መንገድ ላይ። «ባትሪ በማንም ላይ ይሞታል።»

ኢልሊ ያሰበችውን አድርጋለች፤ ኢቲዳል እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጥም። ከዚህ በኋላ ያለው የእሱ ነው።

ጁምዓ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከእንግዶቹ መሐል ተነሳ። ብኸይታ በአዲስ አረንጓዴ ቀሚስ ሮጣ መጣች። ኢቲዳል ሂናው የደረቀ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ በመስኮት ወደ አጥሩ አሻግራ ታያለች።

«አንተ መርጋ፣ መኪናው የት አለ? ድምፁን ሰምተናል፣ ወላሂ ሁሉም ደስ ብሎታል» አለ ጁምዓ።

«ጁምዓ» አለ መርጋ። «ባትሪው...»

ቆመ። ሱፉን አስተካከለ። ኢልሊ መሬቱን አየች።

«ባትሪው ደህና ነው» አለ መርጋ። «ወለሉ ነው። ልጅህ የምትቀመጥበትን ወለል አልበየድኩትም። ሽመል ደርድሬ ቀለም ቀባሁበት። በቃሌ እንዳላፍር ብዬ ነው። ቮልሷ አትሄድም፣ ወንድሜ።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለ ጁምዓ። «የወንድሜ ፒክአፕ አለ።» አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ግን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የመርጋን ትከሻ በትከሻው አልነካውም፣ ወደ እንግዶቹ ዞረ። መስኮቱ ላይ ኢቲዳል ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና ወደ ውስጥ ገባች። ይህ ነበር ኢልሊን የወጋት።

ፒክአፑ እስኪመጣ የሙሽራዋን ዕቃ ማውጣት ተጀመረ። ብኸይታ በሁለት በኩል እጀታ ያለውን የልብስ ሳጥን ለብቻዋ እየጎተተች በሩ ላይ ደረሰችና ኢልሊ አጠገብ ስትደርስ አቆመችው።

«ትናንት አልቋል አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ሳታውቂ ነው?»

«አውቅ ነበር።»

ብኸይታ ወደ መርጋ አየች። መርጋ አጥሩን ተደግፎ ለብቻው ቆሟል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባትሽ ነው አይደል ዝም በዪ ያለሽ? እኔ እኮ ገብቶኛል። አንቺ ምን ታደርጊ?»

እውነት ነበር። አዎ ብትላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ነገ ክፍል ውስጥ እንደ ወትሮው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ኢልሊ አባቷን አየችው፣ ከዚያ ጓደኛዋን አየቻት።

«እሱ ዝም በዪ ነው ያለኝ» አለች። «አልቋል ያልኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

ብኸይታ ጎንበስ ብላ የሳጥኑን አንዱን እጀታ ብቻ ያዘች። ኢልሊ ሌላኛውን ያዘች፤ ሳጥኑ ከባድ ነበር፣ አንድ ላይ አነሱት።